የእጣቢዋ ዘንባባ

ባለፈው ሰኞ የእትዬ ማርታ የልጅ ልጅ ሳሮን ከዓረብ አገር በተመለሰች በሦስተኛው ቀን ልትጠይቀኝ ቤቴ መጣች። ሻንጣውን እንዳራገፈ መንገደኛ ለየጎረቤቱ ትንሽ ትንሽ ይዛለች፤ ለእኔ የደረሰኝ አንድ ሻርፕ፣ አንድ የወገብ ቅባትና አንዲት በላስቲክ የታሸገች ነገር ነው። ላስቲኩ ውስጥ ከምስር ያነሱ፣ ክብ ክብ፣ ነጫጭ ፍሬዎች ሞልተዋል። እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ሰው የሚያመጣልኝን ሁሉ መድኃኒት ነው ብዬ ስለምጠረጥር፣ "ይሄ ለምኑ ነው? ለደም ግፊት?" አልኳት።

"ኧረ እማማ ፈለቁ፣ ምግብ ነው!" ብላ ሳቀች። "እዚያ ማዳም ለሕፃኗ በወተት ታበስልላት ነበር። እርስዎ ጥርሴ አስቸገረኝ ስላሉ አሰብኩዎት። ማላመጥ አይፈልግም፣ እንዲሁ ይዋጣል። ሳጎ ነው የሚባለው።"

መነጽሬን ፈልጌ አደረግሁ። ላስቲኩ ላይ አንዲት ዘንባባ ተሥላለች። ሠዓሊው አይቷት የማያውቅ መሆን አለበት፤ ግንዷን አቅጥኖ የቴምር ዛፍ አስመስሏታል። እኔ ግን አውቃታለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ በየዓርቡ ጠዋት ወገቧን በሜትር እያቀፍኩ ለክቻታለሁ፤ የእናቴን ወገብ እንኳ ያንን ያህል አላቀፍኩም። ዓይኔ እንባ ሲያቀርር ሳሮን ያጠፋች መስሏት ደነገጠችና ውሃ ልታመጣልኝ ወደ ጓዳ ሮጠች። እኔም ላስቲኩን እቅፌ ውስጥ አድርጌ ወደዚያ ዘመን ሄድኩ።

ያኔ ከተማችን አዋሳ ነበር የምትባለው፤ "ሀ" የተጨመረላት በኋላ ነው። ከአሞራ ገደል እስከ ፒያሳ በጋሪ ስሙኒ ነው፤ ባለ ጋሪው ሰፈርተኛ ከሆነ ደግሞ ስሙኒዋንም አይቀበልም፣ ወሬ ብቻ ይበቃዋል። በአንድ ብር የተገዛ ቆሮሶ ዓሣ ዘንቢል ሞልቶ ይተርፍ ነበር። ብስክሌት ያለው ወጣት ዛሬ መኪና ያለውን ያህል ይኮራል፤ ደወሉን ያለ ምክንያት እያንቃጨለ ነበር የሚያልፈን። ልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ላይ ቴፕ ሪከርደር ይከፈታል፤ የፍቅር ዘፈን እየሰማን እንቆይና የቀበሌ ድምፅ ማጉያ ማርሹን ሲለቀው ሁለቱ ተደባልቀው አንዱንም ሳንሰማ እንቀራለን። እኔ አፍሮዬን አበጥሬ፣ እግሩ ሰፊ የቴትሮን ሱሪ አድርጌ ስወጣ እናቴ ከበር ላይ ሆና፣ "ይሄ ሱሪ ነው ወይስ ሁለት ቀሚስ?" ትለኝ ነበር። አባቴ አስተማሪ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ተዛውሮ ነው የመጣነው። እናቴ ቆጮ እንዴት እንደሚዘጋጅ ካየች ጀምሮ፣ "ግንድ ፍቆ የሚበላ አገር አመጣኸኝ" እያለች አባቴን ስትወቅሰው ኖራለች። ሰባት ዓመት ሙሉ አልቀመሰችም። በስምንተኛው ዓመት ጎረቤት ቤት በቅቤ ቀምሳ መጣችና ሁለተኛ ስለ ግንድ አላነሣችም።

የምሠራው ሐይቁ አጠገብ በነበረች ትንሽ የእርሻ ሙከራ ጣቢያ ውስጥ ነው። ዛሬ ቦታው ላይ እንግዳ ማረፊያ ቆሟል፤ ባለፈው ዓመት ለሠርግ ተጠርቼ ገብቼ፣ ሰው ኬክ ሲቆርስ እኔ የውሃ መውረጃው የት ጋ እንደነበር በዓይኔ እፈልግ ነበር። የሥራ መደቤ "የእድገት መዝጋቢ" ይባላል። ቀላል ሥራ ነው። የሚያድገውን ሁሉ እለካለሁ፣ እጽፋለሁ። አለቃዬ አቶ ምትኩ ነበር። ያን ጊዜ ሠላሳዎቹን የጀመረ፣ ቀጭን፣ የመነጽሩን እጀታ በክር ያሰረ ሰው ነው። አገር ምድሩ ካኪ ሲለብስ እሱ በአሚዶ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ጭቃ ውስጥ ይገባል። ችግኞቹን ጠዋት ጠዋት እየዞረ "እንዴት አደራችሁ" ሲል ሰምቼዋለሁ። የተማረው ባሕር ማዶ፣ አንድ ሞቃት የደሴት አገር ነው። ሲመለስ ሌላው ሬዲዮና ጫማ ሲያመጣ እሱ በእርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለሉ ስድስት የዘንባባ ቡቃያዎች ይዞ ገባ።

"ይህቺ ፍሬዋ አይደለም የሚበላው፣ ግንዷ ነው" ይለን ነበር። "ግንዷ ውስጥ ስታርች አለ። ተሰንጥቆ፣ ተፍቆ፣ በውሃ ታጥቦ ሲዘቅጥ ነጭ ዱቄት ይሆናል። አንዷ ግንድ አንድ ቤተሰብ ለወራት ትመግባለች። ረግረግ ትወዳለች፤ ማረሻ የማይገባበት መሬት ላይ ትበቅላለች።"  ቡቃያዎቹ ግን የኅዳር ብርድ ሲመጣ ተራ በተራ ከሰሙ። አምስተኛዋ የሞተች ዕለት ምሳ አልበላም። ስድስተኛዋን ነቅሎ ከሠራተኛው መመገቢያ ጀርባ፣ የሳህን እጣቢ በሚወርድበት ቦይ አፍ ላይ ተከላት። እጣቢው ሞቃት ነው፤ በቀን ሦስቴ ይፈስላታል። ቅባት፣ የሻይ ቅጠል፣ የምስር ወጥ ትራፊ፣ የወረደውን ሁሉ እየጠጣች ብርዱን አለፈች። ሠራተኛው "የእጣቢዋ" ብሎ ስም አወጣላት።

ሳህን አጣቢዋ እትዬ ማርታ ነበረች፤ የሳሮን አያት። ከጣቢያው አጥር ጀርባ ከባሏ የቀረላት የእንሰት ጓሮ አላት። ሲዳማ ናት፣ ጴንጤ ናት፤ የጸሎት ቤታቸው በዚያ ዘመን ተዘግቶ ስለነበር መዝሙሯን ሳህን እያጋጨች ታጅበዋለች፣ ከሁለት ክንድ በላይ እንዳይሰማ። አንድ ቀን አቶ ምትኩ ቦዩ ዳር ቆሞ ሲያስረዳኝ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ሰማችው። እሱ የሚለኝ እንዲህ ነበር፦ ዘንባባዋ ዕድሜዋን ሙሉ ስታርቹን ግንዷ ውስጥ ታጠራቅማለች፤ የምታብበው በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ካበበች ያጠራቀመችውን ሁሉ ለአበባውና ለፍሬው ትሰጥና ግንዷ ባዶ ይቀራል፣ እሷም ትሞታለች። ስለዚህ መቆረጥ ያለባት ከማበቧ በፊት ነው።

"ይኼማ ወሴ ነው" አለች እትዬ ማርታ። ወሴ እነሱ እንሰትን የሚጠሩበት ስም ነው። "ወሴም አበባ ካወጣ ውስጡ ባዶ ነው። ይኼን የማያውቅ ሴት እኛ ጋ ባል አታገኝም። አቶ ምትኩ፣ እርስዎ ይኼን ለመማር ነው ባሕር ማዶ የሄዱት?"

አቶ ምትኩ መነጽሩ ቦዩ ውስጥ እስኪወድቅ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት አጥሩን አልፎ ጓሮዋ ውስጥ በርጩማ ላይ ይቀመጥ ጀመር። እሷ የእንሰቱን ገላ ጣውላ ላይ አስደግፋ በቀርከሃ ትፍቃለች፤ የተፋቀውን ጨምቃ ውሃው ገበቴ ውስጥ ሲረጋ፣ ላዩን ቀስ ብላ ትደፋና ከሥሩ በረዶ የመሰለ ቡላ ታወጣለች። እሱ ማስታወሻ ይይዛል። እኔ ደግሞ ቡላ ለማየት ነው እያልኩ አብሬ እሄዳለሁ። እትዬ ማርታ ግን ቡላውን ሳይሆን ማንን እንደማይ ከመጀመሪያው ቅዳሜ አውቃለች፤ በርጩማውን አቶ ምትኩ አጠገብ ነበር የምታስቀምጥልኝ።

ዘንባባዋ ደግሞ ቸኩላ አታውቅም። የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት ግንድ የሚባል ነገር አላሳየችም፤ እሾሃም ቅጠል ብቻ። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ፣ "አቶ ምትኩ፣ ግንዱ በፖስታ ነው የሚመጣው?" እያለ ይቀልድ ነበር። በአምስተኛው ዓመት ግንዷ ከመሬት ብቅ አለ፤ ያን ዕለት አቶ ምትኩ ለሠራተኛው ሁሉ ሻይ ጋበዘ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ጠዋት እሱ የሜትሩን ታች ይይዛል፣ እኔ መሰላል ላይ ወጥቼ ላዩን እይዛለሁ። መዝገባችን ዓምዶች ነበሩት፦ ቀን፣ ቁመት፣ ውፍረት፣ የቅጠል ብዛት። የመጨረሻው ዓምድ "ምርት" ይላል። እሱ ባዶ ነበር፤ የሚሞላው አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አቶ ምትኩ አንዳንዴ መዝገቡን ገልጦ ያንን ባዶ ዓምድ ብቻ ሲያይ አገኘው ነበር።

ከዚያ ያ የረሃብ ዓመት መጣ። በሬዲዮ የምንሰማው ሁሉ ስለ ሰሜን ነው፤ እናቴ ሬዲዮ ሲከፈት ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች። በየረቡዑ የውይይት ክበብ እንሰበሰባለን። አንድ ረቡዕ አንዱ ተነሣና፣ "ወገናችን በረሃብ እያለቀ አንዳንድ ምሁራን በእጣቢ ዘንባባ ያሳድጋሉ!" አለ። አቶ ምትኩ ተነሥቶ ስለ ግንዷ፣ ስለ ረግረጉ፣ ስለ ቤተሰቡ ማስረዳት ጀመረ። ሊቀመንበሩ አቋረጠው።

"አጭር መልስ ስጠን ጓድ። ዘንባባህ መቼ ነው የምትበላው?"

"አምስት ዓመት ገደማ ይቀራታል።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ምትኩ ሳቁ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀና፣ "ስብሰባ የሚበላ ቢሆን ኖሮ ይሄ አገር ጠግቦ ያድር ነበር" ብሎ ተቀመጠ። ማንም አልሳቀም። በር ላይ የሻይ ብርጭቆ ትሰበስብ የነበረችው እትዬ ማርታ ብቻ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር ስር መሬት የተከፈተ መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ ጠዋት፣ ሜትሩን ዘርግተን ሳለ ሁለት ሰዎች በላንድሮቨር መጡ። ለአጭር ጥያቄ ነው አሉ፤ በትሕትና ነበር የተናገሩት። እኔ መሰላሉ ላይ ነኝ። አቶ ምትኩ የያዘውን የሜትር ጫፍ ድንጋይ አሳርፎበት ቀና ብሎ አየኝ። "ፈለቀች፣ ስሚኝ። ቅጠሎቿ ማጠር ሲጀምሩና ወደ ሰማይ ቀጥ ሲሉ ጊዜዋ ደረሰ ማለት ነው። ያን ጊዜ ቁረጫት። ማንንም አትጠብቂ። አደራ።" ከዚያ ሁሉ ቃል እኔ ልቤ ላይ የቀረችው የመጨረሻዋ ብቻ ናት። ሰዎቹ ይዘውት ሲሄዱ ነጭ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ጭቃ ነበረበት። 

ከዚያ በኋላ የት እንዳለ የሚያውቅ አልተገኘም። ስንቅ ይዤ የጠየቅሁበት በር ሁሉ "እዚህ የለም" አለኝ። ሰው ከአንድ ዓመት በኋላ ስሙን በሹክሹክታ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ "ነፍሱን ይማረውና" እያለ መጥራት ጀመረ። እኔ ግን ዓርብ ጠዋት ሜትሬን ይዤ እወጣለሁ፤ ታቹን አሁን እትዬ ማርታ ትይዝልኛለች። አዲሱ ኃላፊ ቦታውን ለትራክተር መጠለያ ሲፈልገው ሌሊቱን አስቤበት ጠዋት አንድ ጣውላ ላይ "የሙከራ ተክል፣ መንካት ክልክል ነው" ብዬ በቀይ ቀለም ጽፌ ተከልኩ። በዚያ ዘመን በቀይ የተጻፈ ነገር ማን እንዳዘዘው የሚጠይቅ አልነበረም። እናቴ በበኩሏ ፔጆ ያለው የቡና ነጋዴ አገኘችልኝ። "የሞተ ሰው አይጠበቅም ልጄ" ስትለኝ፣ "መርዶው መጣ?" እላታለሁ።  በእኛ ቤት ወግ የሌለ ሰው ድርሻ ተከድኖ ይቀመጣል፤ የሚነካው መርዶ ሲመጣ ብቻ ነው። ይህንን ያስተማረችኝ ራሷ ናት።

ዘንባባዋ ቀኗን አልረሳችም። እሱ እንዳለው አምስት ዓመት ገደማ ሲሞላ አዲስ የሚወጡት ቅጠሎች እያጠሩ፣ ቀጥ እያሉ መጡ። መዝገቡ ላይ ጻፍኩት፤ ስጽፍ እስክሪብቶው ከበደኝ። ቁመቷ የጣቢያውን ጣሪያ አልፏል፣ ግንዷን ሁለት ሰው ተያይዞ ነበር የሚያቅፈው። እትዬ ማርታ በጡጫዋ ግንዱን ዝቅ ከፍ እያለች መታ መታ አደረገችና ጆሮዋን አስጠጋች። "ሞልቷል" አለች። "ቁረጪ። አሥራ ምናምን ዓመት እጣቢ ያጠጣሁት ለዚህ ነው።"

"መስከረም ይምጣ እትዬ ማርታ። ለአብዮት በዓል እስረኛ ይፈታሉ ይባላል።"

"ዘንባባው በዓል አያውቅም።"

እሷ ልክ ነበረች፤ እኔም ልክ መሆኗን አውቃለሁ። ከሷ በፊት እሱ ራሱ ነግሮኛል። ነገር ግን ግንዷ ከተቆረጠ፣ ዱቄቱ ከወጣ፣ ባዶው ዓምድ በእኔ እጅ ጽሑፍ ከተሞላ፣ ድርሻው ተነካ ማለት ነው። ለቅሶ መቀመጥ ነበር የሚቀረኝ። መስከረም መጣ፣ በዓሉ ተከበረ፣ ሌሎች ሰዎች ተፈቱ። እሱ ግን የለም። በጥቅምት ከዘንባባዋ አናት ላይ እንደ አጋዘን ቀንድ ያለ ነገር ብቅ አለ። አበባው ነበር። እትዬ ማርታ ያን ቀን ሳህኑን ትታ መጥረቢያዋን ይዛ መጣችና እጄ ላይ አስቀመጠችው። "አሁንም ግማሹ ውስጡ አለ። ዛሬ ከሆነ ይተርፋል።" ቆምኩ። ጥርሴን ነክሼ አንድ ጊዜ መታሁ። መጥረቢያው ገባ፤ ከቁስሉ ነጭ ነገር ታየኝ። ያንን ነጭ ሳይ መጥረቢያውን እዚያው ትቼው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጮክ ብዬ አለቀስኩ፤ መመገቢያ ቤት ያለው ሁሉ ሰምቶኛል። እትዬ ማርታ አልተቆጣችኝም። መጥረቢያዋን ነቅላ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ "እሺ። እንግዲያው አብረን እንጠብቅ" አለች።

አንድ ዓመት ሙሉ ዘንባባዋ ዓይኔ እያየ ባዶ ሆነች። ቀንዱ ቅርንጫፍ አወጣ፣ አበባው ቡናማ ሆኖ ፈካ፣ ፍሬ ያዘ። ታችኞቹ ቅጠሎች እየደረቁ ወደቁ። ግንዱን ስመታው ድምፁ ተለወጠ። ዓርብ ዓርብ እለካለሁ፤ የሚጨምር ነገር ግን የለም። ያን ዓመት የቡና ነጋዴው ሌላ አገባ፣ እናቴ አኮረፈችኝ፣ እኔም አደራዬን እንደበላሁ ገብቶኝ ከሰው ዓይን መሸሽ ጀመርኩ። ሥራውን ብቻ ቢሆን ኖሮ አተርፍለት ነበር፤ ሥራውንም እሱንም ልይዝ ብዬ ሥራውን ገደልኩበት።

በማግሥቱ ዓመት መስከረም፣ መንግሥት ተለውጦ እስር ቤቶች ከተከፈቱ በኋላ፣ ዝናቡ ባቆመ ሰሞን፣ ከቀትር በኋላ አንድ ጋሪ በሩ ላይ ቆመ። ፌስታል የያዘ፣ ጠጉሩ የነጣ ሰው ወረደ። መነጽር የለውም፤ ስለዚህ ዓይኑን አጨንቁሮ ነው የሚራመደው። በአረማመዱ አወቅሁት። ቦዩ ዳር ቆሞ እኔን ሳይሆን ወደ ላይ፣ ወደ ዘንባባዋ አናት አየ። ለስንት ዓመት ያዘጋጀሁት የእንኳን ደህና መጡ ቃል ሁሉ ጠፋኝና፣ "አቶ ምትኩ፣ አላተረፍኩልዎትም። አበበች" አልኩት።

እሱ አሁንም ወደ ላይ እያየ ነው። "አበባዋ እንደዚህ ነው እንዴ?" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ እኮ አይቼው አላውቅም። በአገሯ ማንም እስክታብብ አይጠብቃትም።"

ከዚያ ቀርቦ ግንዷን በእጁ ዳሰሰ። መዳፉ መጥረቢያው የገባበት ጠባሳ ላይ ሲደርስ ቆመ። "ይሄስ?"

"እኔ ነኝ። አንዴ መታሁ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።"

 ቦዩ ዳር ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። እትዬ ማርታ ከመመገቢያው በር ላይ ሆና አየችው፤ "ኢየሱስ ጌታ ነው!" ብላ በስንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ድምፅዋ ጮኸች። ያ ከሁለት ክንድ በላይ ተሰምቷል።

በሳምንቱ ቆረጥናት። እሱ ራሱ፣ ልትሞት ነውና ያለውን እንይ አለ። ግንዷ ሲሰነጠቅ ውስጧ እንደ ደረቀ ስፖንጅ ነበር፣ ቃጫ ብቻ። እትዬ ማርታ እንደ እንሰት በቀርከሃ ፋቀችው፣ እኔ በነጠላዬ አጣራሁት፣ እሱ ገበቴውን ያዘ። በማግሥቱ ውሃውን ስንደፋው ከሥሩ ስስ ነጭ ነገር አገኘን። ያንን የሚያህል ግንድ፣ ያንን የሚያህል ዘመን፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ ሞላ። እኔ ብርጭቆውን ማየት አቅቶኝ ፊቴን አዞርኩ። እሱ ግን መዝገቡን አስመጣና የመጨረሻው ዓምድ ላይ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ፣ "አንድ የሻይ ብርጭቆ" ብሎ ጻፈ። ለቅምሻ እንኳ አልተረፈንም። የእትዬ ማርታ ልጅ ከወለደች አራተኛ ቀኗ ነበር፤ እትዬ ማርታም ብርጭቆውን አንሥታ፣ "ይኼ ለአራስ ነው" ብላ ይዛው ሄደች። እንደ ቡላ በወተት አጥሚት ሠራችላት። ያ አጥሚት ወተት ሆኖላት የጠባችው ሕፃን ይህቺ አሁን ጓዳዬ ውስጥ ብርጭቆ የምታንኳኳው ሳሮን ናት።

ከአቶ ምትኩ ጋር በጥር ተጋባን። "አቶ" የሚለውን ለማስቀረት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። እናቴ፣ "ጠብቃ ጠብቃ ሽማግሌ አገባች" ብላ ለጎረቤት አወራች፣ ግን ድግሱን ራሷ ነው የደገሰችው፤ ቆጮም አቀረበች። ወደ ጣቢያው አልመለሱትም። እዚሁ ጓሯችን ውስጥ የአቮካዶና የማንጎ ችግኝ እያፈላ ኖረ፤ ጠዋት ጠዋት "እንዴት አደራችሁ" ማለቱን አልተወም። ዘንባባዋን እኔ ካላነሣሁ አያነሣም። እኔም አላነሣም። አንድ ቃል ወቅሶኝ አያውቅም፤ ያም ነበር የሚከብደኝ። ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

ያረፈው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ሊያርፍ ሁለት ወር ሲቀረው በረንዳ ላይ ጋቢ ደርቦ ተቀምጦ ሳለ ራሱ አነሣው። "ፈለቁ፣ አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ" አለኝ። "እዚያ ሆኜ ዓመቱን በእሷ ነበር የምቆጥረው። ይኼኔ ቅጠሏ አጥሯል፣ ይኼኔ አበባ አውጥታለች እላለሁ። በሙያዬ ሳስብ፣ ምነው በቆረጠቻት እላለሁ። ቆይቼ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ይመጣብኛል። ከቆረጠችማ ሞቷል ብላ ነው። ባትቆርጣት ብዬ ጸለይኩ፣ ፈለቁ። የስንት ዓመት ልፋቴ ባዶ እንዲሆን ጸለይኩ። ያንን ጠባሳ በእጄ ስነካው፣ ጀምረሽ እንደተውሽው ሳውቅ ነው ያለቀስኩት። አፍሬ ነው ይኼን ሁሉ ዘመን ያልነገርኩሽ።" እጁን ያዝኩት። ሁለታችንም አንዳችን ከሌላው ስንደብቀው የኖርነው አንድ ነገር ነበር።

ሳሮን ውሃውን ይዛ ስትመጣ እንድታበስልልኝ ነገርኳት። ፍሬዎቹ በወተት ውስጥ ሲፈሉ ነጭነታቸው እየለቀቀ እንደ ብርጭቆ ጠሩ። በማንኪያ አቀረበችልኝ። ያደግሁባት፣ ያረጀሁባት ዘንባባ ምን ምን እንደምትል ይኸው በሰባ ምናምን ዓመቴ ቀመስኩ።

"እንዴት ነው እማማ?"

"ጣዕም የለውም" አልኳት።

"ስኳር ይፈልጋላ" ብላ ሳቀች፣ ስኳሩንም ጨመረችልኝ። ሳህኑን አሟጥጬ በላሁ። እሷ የበሰለው ግማሹ ብቻ መሆኑን አይታ፣ "የቀረውንስ ነገ ልምጣና ላብስልልዎት?" አለችኝ። አይሆንም አልኳት። ላስቲኩን በክር አስሬ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከዚያ መዝገብ አጠገብ ከድኜ አስቀመጥኩት። ለማን ነው ብላ አልጠየቀችኝም፤ ጨዋ ልጅ ናት።